ነዳጅ ሲሰጡት የሚጠፋው ማጨጃ

ናይሮቢ፣ የካቲት 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሃምሳ አለቃ ሥዩም
ነጌሌ ቦረና

ጋሼ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ወፍጮ ቤቱስ አሁንም ያለ እርስዎ አይንቀሳቀስም? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም።

በጥምቀት ሰሞን የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሰበካ ጉባኤው በድሮው የመቃብር ቦታ ላይ አዳራሽ ሊሠራ መሆኑን፣ እስከ ሐምሌ አምስት የዘመዱን አፅም ያላነሣ ሰው በኋላ መጠየቅ እንደማይችል አነበብኩ። አንብቤ ስጨርስ የታየችኝ እማዬ ናት። በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ ከአባቴ መቃብር ላይ ሣሩን በእጇ ስትነቅል አብሬያት እውል ነበር። «አባትህ ሣር አይወድም፤ እባብ ይስባል ይል ነበር» ትለኛለች። እሷም ከጎኑ ከተኛች ይኸው ሰባት ዓመቷ።

አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ሣጥን አድርጌ በአዲሱ ቦታ፣ በአንድ ድንጋይ ሥር፣ «ወልደገብርኤልና እሙሽ» ብዬ ላሳርፋቸው። ሌላ ለወላጆቼ ያደረግኩት ነገር የለም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። አፅማቸውን በገዛ እጄ ነው የማነሣው።

የእነሱን ጥግ ዳዋ ውጦታል ስላሉኝ ይህን የሣር ማጨጃ ማሽን ልኬያለሁ። በምሠራበት የጎልፍ ሜዳ ሦስት ዓመት የያዝኩት ነው፤ አዲስ ሲገዙ ለእኔ ለቀቁልኝ። ምላጭ የለውም። ሣሩን የሚቆርጠው ከታች የሚሽከረከረው የፕላስቲክ ክር ነው፤ ሁለት ጥቅል ክር አብሬ አድርጌያለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ታንክ ሲጠግን ለኖረ ሰው ማስተማር ድፍረት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ሞተሩ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሰጠው። ለአንድ ሊትር ቤንዚን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይበቃዋል። እስከ ሞያሌ በሰው ልኬዋለሁ፤ ከሞያሌ ሾፌሩ ሀላኬ በአይሱዙ የጭነት መኪናው ያደርስልዎታል።

የእህትዎ ልጅ
ፍቅሩ


ነጌሌ ቦረና፣ መጋቢት 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅሩ

የእናትህ አምላክ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርህ፤ ከሰው መውደድ፣ ከእንጀራም በረከት ይስጥህ። ወገቤን ጠይቀሃል። ወገቤ እንደኔው ጡረታ ወጥቷል፤ ልዩነቱ እሱ አርፏል፣ እኔ ግን ወፍጮ ቤት እመላለሳለሁ።

ማሽኑ ገብቷል። ሀላኬ ከደጄ ቆሞ በቦረና ሰላምታ «ናጋ! ናጋ!» እያለ ሲያወርደው ልጆቹ መትረየስ መጣ ብለው ሸሹ። መናኸሪያው በር ላይ ቤንዚን በሃይላንድ የምትሸጠዋ ዘቢባ በትከሻዬ ተሸክሜው ስታየኝ «ጋሼ ሥዩም፣ ደግሞ ወዴት ሊዘምቱ ነው?» አለችኝ። ሣር ላይ ነው የምዘምተው አልኳት። ከት ብላ ሳቀች፤ ቤንዚኑን ግን አልቀነሰችልኝም።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል። መቃብሩ አካባቢ ሣሩ ጉልበቴን አልፏል።

አሁን ወደ በሽታው። በሦስተኛው ስስበው ይነሣል። ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ ነዳጅ ሳልነካው፣ ድምፁ የተስተካከለ ነው፣ ብትተኛበት እንቅልፍ ይወስድሃል። ነዳጅ ስሰጠው ግን ሊጮህ ነው ስል ይታነቅና ጭጭ ይላል። መልሼ አስነሣዋለሁ፤ ነዳጅ ስሰጠው ደግሞ ይጠፋል። ካንዴላውን ፈታሁት፤ ጥቁር ነው። ጠርጌ ገጠምኩት፣ ለውጥ የለም። አልነሣም ያለ ሞተር ብዙ አስነሥቻለሁ። እየተነሣ አልሠራም የሚል ግን አመል እንጂ ብልሽት አይመስለኝም።

መድኃኒቱን ብታውቅ ጻፍልኝ። ለመምጣትም አትቸኩል። በዝናብ ከሞያሌ ወዲህ ያለው መንገድ መኪና ይይዛል፤ ሀላኬ ራሱ ሁለት ቀን ጭቃ ውስጥ አድሯል።

አጎትህ
ሥዩም


ናይሮቢ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እንኳን ለዐቢይ ጾም መጨረሻ በሰላም አደረሰዎ። ደብዳቤዎን በደስታ ነው ያነበብኩት፤ ዘቢባን ሳስብ በሥራ ላይ ብቻዬን ስቄ ሰው አየኝ።

በሽታው የታወቀ ነው፤ እኔም ላይ ደርሷል። ሚኒሞ ላይ ትንሽ ነዳጅና ትንሽ አየር ይበቃዋል። ከፍ ሲል ግን ብዙ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ከሦስት ቦታ አንዱ ይከለክለዋል። አንደኛ፣ በታንከሩ ውስጥ በቱቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ፊልትሮ ያውጡና በንጹሕ ቤንዚን ይጠቡ። የሃይላንድ ቤንዚን ነጭ ጋዝም ይቀላቀልበታል፣ አሸዋም አያጣውም። ሁለተኛ፣ የታንከሩን ክዳን ላላ አድርገው ይሞክሩ፤ አየር ማስገቢያዋ ከተደፈነች ቤንዚኑ አይወርድም። ሁለቱ ካልሆኑ የጭስ መውጫውን ማርሚታ ይፍቱት። አፉ ላይ የሽቦ ወንፊት አለች፣ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። እሷ በጥላሸት ከተደፈነች ጭሱ መውጫ ያጣና ሞተሩ ይታፈናል። በእሳት አግለው በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፤ እንደ አዲስ ይሆናል። ለመሆኑ ዘይቱን በምን እየለኩ ነው?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና ማሽኑ የሚያሳየውን ሁሉ ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

ፈቃዴ ተፈርሟል። ሰኔ 22 እነሣለሁ። ድንጋዩን እዚያው እንድናስጠርብ የጠራቢ ስም ይጠይቁልኝ። አንድ ነገር ደግሞ፦ የአባቴ ራስጌ በየት በኩል ነው? እማዬ ሁልጊዜ ከእግሩ በኩል ነበር የምትቀመጠው፤ የትኛው ጫፍ እግሩ እንደሆነ ጠፋብኝ።

የእህትዎ ልጅ
ፍቅሩ


ነጌሌ ቦረና፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቅሩ

እንኳን ለትንሣኤው ብርሃን አደረሰህ። ጤና ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ የልብህን መሻት ይስጥህ።

ያልከውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ፊልትሮውን አጥቤያለሁ፣ ክዳኑን አላልቻለሁ፣ ማርሚታውንም ፈትቻለሁ። በሽታው ግን ያው ነው፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይጠፋል። ምናልባት ካርቡራተሩ ይሆናል። የዕቃው ብዛት አሳስቦኝ ነው እንጂ ፈትቼ ልልክልህ አስቤ ነበር። አንተ አይተህ ብትመልሰው ሁለት ወር ቢፈጅ ነው።

ሰበካ ጉባኤውን አናግሬያለሁ። ልጁ ሩቅ ነው፣ እኔ ላንሣለት አልኳቸው፤ ችግር የለውም አሉ። ስለዚህ ፈቃድህን ለሌላ ጉዳይ ብታውለው ይሻላል። አፅም ማንሣት ለወጣት ደስ የሚል ነገር አይደለም። ቄስ ልዑልቃል ጸሎቱን ያደርሳሉ፣ እኔ ሣጥኑን አሠራለሁ፣ ስማቸውንም አስጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ በክረምት ሳይሆን በበጋ መጥተህ ድንጋዩን ታያለህ።

ወለተሐና፣ ባሏ ሻምበሉ ከአባትህ ጋር የነበረው፣ እግዜር ያክብርልኝ በልልኝ ብላሃለች። መርቃሃለች።

ለማንኛውም ክሩ አልቋልና ሀላኬ ሲመጣ አንድ ሁለት ጥቅል ላክልኝ።

አጎትህ
ሥዩም


ናይሮቢ፣ ግንቦት 15 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ክሩ አልቋል ብለውኛል። ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ጋሼ፣ ሚኒሞ ላይ ያለ ማሽን ክሩ አይሽከረከርም። የሚሽከረከረው ነዳጅ ተሰጥቶት ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ነው፤ የሚያልቀውም ሣርና ድንጋይ ሲበላው ነው። ነዳጅ ሲሰጡት የሚጠፋ ማሽን አንድ ክንድ ክር አይጨርስም። እርስዎ ሁለት ጥቅል ጨርሰዋል። እኔ በሁለት ጥቅል እዚህ አንድ ሙሉ ሜዳ አጭዳለሁ።

እትዬ ወለተሐናስ የመረቀችኝ ለምኑ ነው? የሻምበሉን መቃብር አጭደውላት ካልሆነ በቀር እኔ ለእሷ ያደረግኩት ምን አለ?

ማሽኑ ድኗል። ከዳነም ቆይቷል። እኔ የማውቀው እርስዎ ቆሻሻ ካንዴላ አይተው ማለፍ የማይችሉ ሰው ነዎት። በሕይወቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም፤ ለዚህ ነው ፊት ለፊት የምጠይቅዎት። ስለ ራስጌው ጠይቄዎት ነበር፤ አልመለሱልኝም። አትምጣ ሲሉኝም ይህ ሁለተኛዎ ነው።

የአባቴ መቃብር ጠፍቶብዎት ከሆነ ይንገሩኝ። እማዬ ካረፈች ወዲህ አልሄድኩበትም ቢሉኝ አልቆጣም፤ ሁላችንም ሰው ነን። መጥቼ አብረን እንፈልገዋለን። ብቻ ማሽን ተበላሸ አይበሉኝ።

ክሩን ልኬያለሁ።

የእህትዎ ልጅ
ፍቅሩ


ነጌሌ ቦረና፣ ሰኔ 4 ቀን 1995 ዓ.ም.

ፍቅሩ

ሰላምታውንና ምርቃቱን ልተወው። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ የእኔን ምርቃት መፈለግህን አላውቅም።

ማሽኑ የዳነው ሚያዝያ 15 ቀን ነው። ወንፊቷ ነበረች። ጥላሸት እንደ ቡሽ ወትፏት ነበር፤ የወተፍኳትም እኔው ነኝ። ሁለት ማንኪያ ብለህ ነበር፤ እኔ ግን በአንድ ሊትር አንድ ሙሉ ሲኒ ዘይት አደርግ ነበር። በታንክ ጋራዥ ዘይት የጠገበ ሞተር አይሞትም ስንባል ነው የኖርነው። አግዬ ጠረግኋት፣ ገጠምኳት፣ ነዳጅ ሰጠሁት። ጮኸ። ያን ቀን ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጨድኩ። የሻምበሉን፣ የጎረቤታችንን የአምሀን ሁለት ልጆች፣ ጠያቂ የሌላቸውን ወታደሮች ሁሉ። ሰው እየመጣ መረቀኝ። የእናንተ ጥግ ስደርስ ማሽኑን አጠፋሁት። በማግሥቱም ሌላ ቦታ አጨድኩና እዚያ ስደርስ አጠፋሁት። ክሩ እንደዚያ ነው ያለቀው።

አባትህ እዚያ የለም።

አንተና እናትህ ሚያዝያ 83 ላይ አዋሳ የሄዳችሁትን ታስታውሳለህ። ግንቦት ላይ ሠራዊቱ ሲበተን እኔና አባትህ በእግራችን ወደ ሞያሌ ወጣን። አባትህ ወባ ይዞት ነበር፤ እግሩም በጫማው ተልጦ አብጦ ነበር። አሬሮን ካለፍን በሁለተኛው ቀን መራመድ አቃተው። ውሃ ጨርሰናል። አንዲት ግራር ሥር አስቀመጥኩት፤ ግንዷ ከሥሯ ለሁለት የተከፈለ ነው። ኮዳውን ሰጠኝና «ሞልተህ ና፣ እዚችው ነኝ» አለኝ።

ኤላውን፣ የቦረናን ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ፣ አገኘሁት። ሩቅ አልነበረም፤ የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ቦረናዎቹ ውሃ እየቀዱ ከብት ያጠጡ ነበር፤ ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳይጠይቁ ኮዳዬን ሞሉልኝ። ከጉድጓዱ ስወጣ ወታደር የጫነ መኪና ቆሟል። የመጨረሻው መኪና ነው ይላሉ። ሰው በላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ግራር ሥር ወንድሜን ትቻለሁ፣ ጠብቁኝ አልኳቸው። ሞተሩ ሲነሣ ዘልዬ ተንጠለጠልኩ።

አስገደዱኝ አልልህም። ማንም አልጎተተኝም። ሮጬ ነው የተሳፈርኩት። ሞያሌ ስንገባ ኮዳው እንደሞላ በደረቴ ላይ ነበር።

ሐምሌ ላይ ወደ ነጌሌ ተመለስኩ። በመኪና ነው ያለፍኩት፤ እዚያ አካባቢ ስንደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፈልጌው አላውቅም። እናትህ ልትመጣ ነው ሲባል ምን ልበላት? የምታለቅስበት መሬት ያስፈልጋታል አልኩ። በወባ እዚሁ ሞተ፣ ቀበርኩት አልኳት። ከክፍላችን ያገኘሁትን ትርፍ ጫማውን ቀብሬ አፈር ከመርኩበት። ያኔ ማን ማንን ይጠይቃል? ከተማው ሁሉ የሚቀብር ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ጥንድ ጫማ ላይ ሣር ስትነቅል አየኋት። ልነግራት አፌን የከፈትኩበት ቀን ብዙ ነው። ስትሞት ከጎኑ ቅበሩኝ አለች፤ ቀበርኳት።

የባሰውንም ልንገርህ። አንተ አፅሙን በእጄ አነሣለሁ ስትል ከዚያ ከወታደሮቹ ረድፍ አንዱን፣ ስም የሌለውን፣ ላወጣልህ አስቤ ነበር። አካፋ ይዤ ሄጄ ቆሜያለሁ። የሰው ልጅ ነው፣ እሱም እናት ነበረችው ብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ነው ማሽኑ አልድን ያለው። ሐምሌ አምስት እስኪያልፍ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ይቅር በለኝ አልልህም። ምን ብዬ?

ኮዳው አልጋዬ ሥር አለ። ውሃው የዚያኑ ዓመት ደርቋል። ከዚያ ወዲህ ጠጥቼበት አላውቅም።

ሥዩም


ነጌሌ ቦረና፣ ሐምሌ 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለፍቅሩ

ሀላኬ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፤ ከአንተ የመጣ የለም። ሰኔ 22 አለፈ፣ አልመጣህም። አልወቅስህም። ደብዳቤዬ ደርሶህ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኩት፤ በሰው እጅ ተቀብሏል አለኝ።

ቀኑ እንዳያልፍ እናትህን አንሥቻታለሁ። መጀመሪያ ጥጉን አጨድኩት፤ ማሽኑ አንዴም አልጠፋም። ቄስ ልዑልቃል ጸሎት አደረሱ። በእጄ ነው ያነሣኋት፣ በነጭ አቡጀዲ ጠቅልዬ። እህቴ ናት፤ ልጅ ሆና በጀርባዬ ያዘልኳት። ጫማውንም አወጣሁ። ሶሉ ብቻ ነው የቀረው። ሰበካ ጉባኤው የወልደገብርኤልስ ሲሉኝ በሰው ሁሉ ፊት የለም አልኳቸው። ወለተሐና እዚያው ነበረች። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም።

ሣጥኑን ሰፋ አድርጌ ነው ያሠራሁት፤ ግማሹ ባዶ ነው። ለጊዜው በደብሩ ዕቃ ቤት አስቀምጠውልኛል። በላዩ ስሟን ብቻ አስጻፍኩ።

ከላክኸው ሁለት ጥቅል ክር ጥቂት ብቻ ነው የተነካው።

ሥዩም


ሞያሌ፣ መስከረም 9 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለሃምሳ አለቃ ሥዩም

ደብዳቤዎ ደርሶኛል፣ ሁለቱም። ሦስት ወር መልስ ያልጻፍኩት የምጽፈው ስላጣሁ ነው። የመጀመሪያውን ቀድጄዋለሁ። ከዚያ ለቅሜ በማጣበቂያ አያያዝኩት፤ የግራሯ ነገር እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው።

ይቅር ብያለሁ ብል ይህ ደግሞ የእኔ ውሸት ይሆናል። እማዬ በየግንቦቱ ጥፍሯ ውስጥ አፈር ይዛ ቤት ትገባ ነበር። ይህን እያሰብኩ ሥራ ላይ ማሽን አስነሥቼ መያዝ አቅቶኝ ያውቃል።

አሁን ሞያሌ ነው ያለሁት። ለሀላኬ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። እሱም ሲያልፍ ኤላው ዘንድ ቆሞ ሽማግሌዎቹን ጠየቀልኝ። በዚያ ዓመት ብዙ ወታደር ወድቆ አግኝተናል፤ ያገኘነውን በየወደቀበት ድንጋይ ከምረንበታል አሉት። የማን እንደሆነ ግን አናውቅም፤ አሁን ዳዋው ስለዋጠው ድንጋዩም አይታይም አሉ። ግንዷ ለሁለት የተከፈለ ግራር ሲላቸው ደግሞ ሳቁበት። እንዲህ ያለ ግራር እዚያ ስንት አለ? የእርስዎን የሚያውቋት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ስለዚህ ይመጣሉ። ሀላኬ ረቡዕ ከነጌሌ ሲነሣ አብረውት ይሳፈሩ፤ ከፊት ከእሱ ጎን ቦታ ይዞልዎታል። እኔ ኤላው አጠገብ እጠብቃለሁ። ማሽኑን ይዘው ይምጡ፣ ሁለቱንም ጥቅል ክር፣ አምስት ሊትር ቤንዚን። ዘይቱን በማንኪያ ይለኩ። ወንፊቷን ከመነሣትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይጥረጓት፤ እዚያ መሐል ላይ እንዲጠፋብን አልፈልግም። የእማዬን ሣጥን ደብሩ ከፈቀደ ይዘውት ይምጡ።

ከኤላው እስከ ግራሯ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው ብለዋል። በእግራችን እንሄዳለን፤ እርስዎ ከፊት ይሆናሉ።

ኮዳውን ከአልጋው ሥር ያውጡና ይጠቡት። ኤላው ላይ ይሞላሉ። አባቴ ሞልተህ ና ብሎ ነው የላከዎት።

የወልደገብርኤል ልጅ
ፍቅሩ